ከስምንት ዓመት በፊት የተጻፈው ጥናት

ሳሮ፣ ሰላም ሔርሚ! እንዴት ነሽ፣ ቢሮ ሰላም ነው? ሶዶ ዘነበ? እዚህ ገሱባ ጭቃው አንድ ጫማዬን ይዞ ቀርቷል። እ... አጠገብሽ ሰው አለ አይደል? ስፒከር ላይ አድርጊው፣ ግድ የለም። የምሥራች ነው የማወራው።

ከኔ ጋር የተወዳደረው ባልደረባችን ቡድን መሪ መሆኑን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል! ማን ተናደደ? አልተናደድኩም አልኩሽ እኮ! እንደሱ ያለ ባለሙያ ካልተሾመ ማን ይሾም? ፋይላችን ሁሉ የሚቀመጥበትን ሰርቨር «ከኮምፒውተሮቹ ጋር ሰዓቱን ላግባባው» ብሎ ሦስት ቀን ታገለ። ከዚያ ዓመቱን በኛ አቆጣጠር ሞላውና ዐረፈ። ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት! ማሽኑ ምን ያውቃል፣ በፈረንጅ መስሎት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደልሽ። ባህሉን የሚወድ ልጅ ነዋ፣ ሰርቨሩም ይልመድ ብሎ...

አውቆ ነው አልልም። እሱን በማወቅ ማን ይጠረጥረዋል?

በዚያው ቀን የኔን የኔትወርክ ጥናት ከፍቶ፣ ስሜን አውጥቶ... ኧረ ምን አልኩ? «የራሱን» ጥናት ሴቭ አደረገ ማለቴ ነው። ለመሪነቱ በጥናት ያወዳደረን ኮሚቴ የሁለታችንን ፋይል ቀን አየ። የኔ ዘንድሮ፣ የሱ የዛሬ ስምንት ዓመት። «ቀድሞ የጻፈው እሱ ነው» ተባለ፣ በቃ። ያኔ ጉኑኖ ከተማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበር፣ ግን ልጁ ፈጣን ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ?

ጸጋውስ ብትይ! ሰርቨሩ የተገዛው ዓምና ነው፣ እሱ ግን ያኔውኑ ከነሞዴሉ ጽፎታል። ሶዶ ነቢይ መች አጣች? ስልክ ቁጥር የተነበየ ግን አይተሽ ታውቂያለሽ? የመጨረሻው ገጽ ላይ የኔ ቁጥር ቁጭ ብሏል... ሲሙን ያወጣሁት ዓምና!

ቅሬታ ማስገቢያው ነገ ያበቃል አሉ። እኔን ደግሞ እስከ ዓርብ ገሱባ ኬብል ዘርጋ ብሎ ላከኝ። በመሪነቱ የመጀመሪያ ትእዛዙ ናት። እዚህች ላይ ቀን አልተሳሳተም፣ አየሽ? ሰው ይማራል።

ለማንኛውም እንኳን ደስ ያለህ በይልኝ። ምንም ቅያሜ የለኝም፣ በጸሎቴም አስበዋለሁ። ጌታ ዕድሜ ይስጠው... ረጅም ዕድሜ። ራሱ የጻፈውን አንድ ገጽ እስኪያይ ድረስ ያኑረው።