«ኔትወርክ የለም» ያሉት አቶ ጸጋው

አቶ ጸጋው ያን ማክሰኞ ጠዋት ከደብረ ማርቆስ በሚወጣው ሚኒባስ ሲሳፈሩ፣ ሰው እንዳያያቸው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ነበር። ምን ዋጋ አለው! የቀረው አንድ ወንበር ከወንጌላዊት አጠገብ ነው። ወንጌላዊት እርሳቸው የሚሠሩበትን የመሬት መዝገብ ቢሮ ዳታቤዝ የምትከታተል ወጣት ናት። ሳምንቱን ሙሉ የሸሹት ደግሞ እሷን ነበር።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«እግዜር ይመስገን። ልጄ... አንድ ጓደኛ አለኝ። የገበሬው መሬት ሁሉ የተመዘገበበትን የይዞታ ሰንጠረዥ አሮጌ መስሎት ከኮምፒውተሩ ሰረዘው። ምን ይበጀዋል?»

ወንጌላዊት ጓደኛው ማን እንደሆነ ወዲያው ገባት፤ ጨዋ ናትና ያልገባት መሰለች። «ለኃላፊው ተናገረ?»

«እንዴት ብሎ! ሃያ ስምንት ዓመት መዝገብ የጠበቀ ሰው ‹አጠፋሁ› ብሎ በምን ዓይኑ ሰው ያያል? የጠፋው ላይመለስ መዋረድ ትርፉ ምንድን ነው?»

«አይመለስም ያለው ማነው? መዝገባችሁ ያለው ክላውድ ላይ፣ በኢንተርኔት በሚገኝ ሩቅ ኮምፒውተር ነው፤ እዚያ የተሰረዘ ሰንጠረዥ ወዲያው አይጠፋም፤ የማቆያ ጊዜ አለው። እናንተ ጋ ሰባት ቀን ነው። እስከዚያ በአንድ ትእዛዝ ይመለሳል፤ ካለፈ ግን እኔም አልደርስበትም።»

አቶ ጸጋው መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ረስተውት ነው እንጂ፣ አምና ወንጌላዊት የማቆያው ጊዜ ዘጠና ቀን ይሁን ስትል፣ «የተጣለ ነገር ማስታመም ምን ይሠራል?» ብለው ያስቀነሱት እርሳቸው ናቸው።

«መቼ ሰረዘው?»

«ያለፈው ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ላይ።»

«ታዲያ አምስት ሰዓት ብቻ ነው የቀረው!»

«ደግሞ እንዳይነቃበት በዚያው ስም ባዶ ሰንጠረዥ ከፍቷል።»

«ስሙ እንደተያዘ የድሮው አይመለስም። መጀመሪያ የባዶውን ስም መቀየር አለብን፤ ያንን ደግሞ ኃላፊው ሳይፈቅዱ አልነካም።»

«በጎን አይሆንም?»

«አይሆንም ጋሼ። ዛሬ በጎን ከሠራነው ነገም የሚያጠፋው ይደብቃል። የሚደብቅ ካለ ዘጠና ቀኑም ያልቃል።»

አቶ ጸጋው ጋቢያቸውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉ። «ወይዘሮ ፋንታነሽ የሚባሉ አሉ፤ ባል የሞተባቸው። ጎረቤት ድንበር ገፍቶባቸው ሐሙስ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። የመሬታቸው ልኬት ያለው እዚያ ብቻ ነው። ሦስት ቀን ተመላልሰው ‹ኔትወርክ የለም› አልኳቸው።»

«አልኳቸው» ሲሉ ያ ጓደኛ የት እንደገባ ወንጌላዊት አልጠየቀችም።

ይሉኝታ ብዙ ደግ ነገር አቆይቶልናል፤ አንክድም። ግን የሰው መሬት እያስበሉ የራስን ፊት ማዳን ይሉኝታ አይደለም፣ ጭካኔ ነው!

አቶ ጸጋው ቢሮ እንደደረሱ ከኃላፊው ከአቶ ገዳሙ ፊት ቆመው «የሰረዝኩት እኔ ነኝ» አሉ። አቶ ገዳሙ «ሰባት ቀን ሙሉ?» ብለው ጮኹ፤ ቢሆንም ፈቀዱ። ወንጌላዊት የባዶውን ስም ቀየረች፣ ትእዛዙን ሰጠች፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የገበሬው ይዞታ ሁሉ እንዳለ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ በአቶ ጸጋው በራሳቸው ጥያቄ፣ የማቆያው ጊዜ ዘጠና ቀን ሆነ፤ ማንም ብቻውን አይሰርዝም፤ የተሳሳተም በሰዓቱ ይናገራል፣ ቁጣው ከጥገናው በኋላ ነው። መዝገቡም የሠራተኛውም እንቅልፍ ተረፈ።

በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት ወይዘሮ ፋንታነሽ መጡ።

«ኔትወርክ ነበረ» አሏቸው አቶ ጸጋው። «መዝገብዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አሁን ተገኝቷል። ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዜር ይፍታዎ። አውቄ ነበር እኮ፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው ባንክ በዚያው ኔትወርክ ሲሠራ ነበር የከረመው። እንዳያፍሩብኝ ብዬ ነው ዝም ብዬ የተመለስኩት።»

ከወይዘሮ ፋንታነሽ ቤት እስከ ቢሮው ደርሶ መልስ የስድስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ያውም ሦስት ቀን። አቶ ጸጋው ማስረጃውን በሁለት እጃቸው ሰጧቸው፤ ቀና ብለው ማየት ግን አቃታቸው።