ከገመዱ ወዲህና ወዲያ

የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድሙ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ ሉሊት ከመካነ ሰላም ገበያ በላይ ካለው መታጠፊያ ላይ ከጋሽ ይሄነው ጋር ድንገት ተገናኘች። እሷ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ፎቶ የምታነሳው ስለምትወድ ብቻ ነው። እሳቸው የከተማው አንጋፋ ፎቶ ቤት ባለቤት ናቸው፤ እሽቅድምድሙን በማንሳት የሚደረገውን የዕለቱን የፎቶ ውድድር ደንብ ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ዳኞቹ ከደሴ መጥተዋል።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሼ?»

«እግዜር ይመስገን። ተመዘገብሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ልተወው ነው። ጓደኞቼም ወደየቤታቸው ሊሄዱ ነው።»

«ምነው? ምን ነካችሁ?»

«ባለሙያዎቹ ትልልቅ ካሜራ ይዘው ሕዝቡን ከመንገዱ ከከለለው ገመድ ወዲያ ይቆማሉ። እኛ አማተሮቹ ስልካችንን ይዘን ከሕዝቡ ጀርባ። ሽልማቱ ግን አንድ! ይህ ፍርድ ነው ይላሉ?»

«ውድድር ውድድር ነው! ወይፈንስ እርሻ የሚለምደው ከበሬ ጋር ተጠምዶ አይደል?»

መልሱ ጥሩ ነበር። ግን የወሎ ቦረና ልጅ በክርክር መቼ ትረታለች!

«ሊማር ሲሆን ይጠመዳል፣ ጋሼ። ሊዋጋ ሲሆንስ ከበሬ ጋር ማን ያጋጥመዋል?»

ሽማግሌው እልህ ያዛቸው። «ዓይን ያለው ሰው ከየትም ቆሞ ያነሳል!»

«እንግዲያው ስልኬን ይያዙና ከዚሁ ያንሱልኝ!»

ተቀበሏት። ወዲያው የመጀመሪያው ዙር ሞተሮች እያጓሩ ከቁልቁለቱ ብቅ አሉ! ሕዝቡ በጩኸት ተናወጠ። ጋሽ ይሄነው ተንጠራሩ፣ ተገፉ፣ አቧራው ዋጣቸው። ስልኩ ላይ የተገኘው የአንድ ሰው ባርኔጣና ግማሽ ጎማ ነው። ሉሊት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ እሳቸው ከእሷ ብሰው ሳቁ።

«ረታሽኝ፣ አንቺ ልጅ!»

ዳኞቹን አማክረው ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉ። «ባለሙያ ከባለሙያ፣ አማተር ከአማተር ይወዳደራል! ለአማተሮችም ከላይ ያለው ጉብታ ተለቋል። አብሽሩ፣ ልጆች!»

ሊሄዱ የነበሩት እየሮጡ ተመለሱ። ሉሊት ደስታዋ ከደረቷ አልፎ ሊወጣ ደረሰ።

«እኔም በስልክ ጀማሪ ነኝ፤ ከእናንተ ጋር ልመዝገብ» አሉ ጋሽ ይሄነው።

«የለም! በፎቶ የሚተዳደር ሰው ስልክም ቢይዝ ባለሙያ ነው።»

እውነቷን ነው። ጀማሪ ከእኩያው ጋር ሲወዳደር ሳይሸማቀቅ ይማራል፤ ነገ ጥሩ ባለሙያ ይወጣዋል። የባለሙያውም ድል ሐሜት አይነካውም።

ጋሽ ይሄነው ካሜራቸውን አንግተው ወደ ባለሙያዎቹ ወረዱ። ዛሬ ቢያሸንፉ ማንም «ጀማሪ ልጆችን አሸንፈው ነው» አይላቸውም።