ያለ ቁልፍ የሰጠነው አደራ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ፣ በተለይ ድፎውን ከቤቷ ጋግራ ላመጣችው ለቅድስት ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሸዋንግዛው ቅድም «ፈቲሀ የተሻለ ሥራ አግኝታ ነው የምትለየን» አሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አላገኘሁም። ከሰኞ ጀምሮ እንሴኖ አባቴ ሱቅ ነው የምቀመጠው።

አባቴ በርበሬ ነጋዴ ነው። እዚህ ቡታጅራ ኮምፒውተር ፊት ምን እንደምሠራ ለማስረዳት ያልሞከርኩት ነገር የለም። «አባዬ፣ የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ ተጠቃሎ ኢንዴክስ ይባላል። ወደፊት በሚኖረው ዋጋ ላይ ውል ይገዛል፣ ይሸጣል። እኛ ዋጋው መውጣት ሲጀምር የሚገዛ፣ መውረድ ሲጀምር የሚሸጥ ፕሮግራም እንሠራለን» አልኩት።

«ዕቃው የት ነው ያለው?»

«ዕቃ የለውም።»

«ታዲያ ገበያው የወደቀ ቀን ምኑን ልትበሉት ነው?»

ሳቁ ግድ የለም፤ ከዚህ በኋላ ያለው አያስቅም።

አቤኔዘር ፕሮግራሙን ይጽፋል፣ እኔ እፈትናለሁ። ሕጋችን ቀላል ነበር። ፕሮግራሙ በድሮ ዋጋ ይሠራል፤ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ዋጋ ግን ማንም ሳያየው ይቀመጥና ሥራው ሲያልቅ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈተንበታል። ተማሪ ጥያቄውን ቀድሞ ካየ ምኑን ተፈተነ?

ያንን ዋጋ በፍላሽ አድርገን ለማን ሰጠን? ለራሱ ለአቤኔዘር፤ ከሁላችን የሚታመን እሱ ነበራ! እኔ «የሚስጥር ኮድ እንቆልፍበት» ብዬ ነበር። አቶ ሸዋንግዛው ግን «በአደራ ላይ ቁልፍ? ሰውየውን ሌባ ነህ ማለት እኮ ነው» አሉኝ። አፈርኩ። አቤኔዘርን ይቅርታ ጠየቅኩት።

የፈተናው ቀን ፕሮግራሙ ገበያው ሊወድቅ ሲል ሁልጊዜ ቀድሞ ሸጦ ይወጣል። አንዴ ቢሆን ዕድል ነው እንላለን። ሁልጊዜ? ሞመንተም፣ ማለትም የዋጋውን አካሄድ፣ የሚከተል ፕሮግራም እኮ መውረዱን አይቶ ነው የሚሸጠው፤ ሳይወርድ በምን ያውቃል? እናንተ ስታጨበጭቡ አቤኔዘርን ወደ በረንዳው ጠራሁት።

«አቤኒ፣ ፍላሹን ከፍተኸዋል?»

«አንቺ ደግሞ፣ ትንሽ አየት አደረግኩት እንጂ። ማን ይጎዳል?»

ለአቶ ሸዋንግዛው ነገርኳቸው። «ደንበኛው ከተደሰተ ምን ያነካካሻል?» አሉኝ። ውጤቱ ዱባይ ላለው ደንበኛችን ሄደ። ከሥሩ «ፈታኝ፦ ፈቲሀ» ይላል። ደንበኛው ደግሞ እዚያ ከሚሠሩ የአገራችን ልጆች ቁጠባ የሚሰበስብ ሰው ነው። በቀደም የአክስቴ ልጅ ሃሊማ ከዱባይ ደወለችልኝ። ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን በሙሉ አስገብታለች። «ወረቀቱን ሲያሳየን ስምሽን አየሁ። ፈቲ ካለችማ ብዬ ነው» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ አቤኔዘር ብቻ አይደለም። እዚህ ከተቀመጣችሁት ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር? ራምዚ፣ አንተ ከጎኑ ነው የምትሠራው። መብራት በጠፋ ቁጥር አብረን ደጅ ተቀምጠን ስናወራ፣ አንድ ሰው እንዴት «ፈቲሀ፣ በስምሽ እየተቀለደ ነው» አይለኝም? አምኛችሁ ነበር። ከዳችሁኝ። ለስለስ ያለ ቃል ፈልጌ አጣሁለት።

ትናንት ለደንበኛው ራሴ ጻፍኩለት። ፈተናው ፈተና እንዳልነበረ፣ ስሜንም ከሥሩ እንዲያነሣው ነገርኩት። ለሃሊማም ያስገባሽውን አውጪ አልኳት። ይመልስላት አይመልስላት እስካሁን አላወቅንም። የምለያችሁ በዚህ ምክንያት ነው። ድፎው ሳይቆረስ እንድታውቁት ፈለግኩ።

ያም ሆኖ ሳልመርቃችሁ አልሄድም። ቅድስት፣ ሰርግሽን ያሳምርልሽ። አቶ ሸዋንግዛው፣ ልጆችዎን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልዎ። ራምዚ፣ አላህ አንደበትህን ይፍታልህ። ይህ ቢሮ የብዙ ሰው እንጀራ ነውና አይዘጋባችሁ፤ ከዚህ የሚወጣውም ሥራ ደፍራችሁ ስማችሁን የምትጽፉበት ይሁን።

አቤኔዘር፣ አንተንም እመርቅሃለሁ። ሰው የሚያምነው ያድርግህ። እኔ ግን ከእንግዲህ አልችልም።