ለንቦቹ ማረፊያ

ከሮቢት ወደ ቆቦ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ከኋላዬ አንዲት ጠና ያሉ ሴትና የቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያወራሉ።

«እማማ፣ ቤትዎ ዘንድሮም ለወባ ካልተረጨ የልጅ ልጅዎ እንደገና ይታመማል።»

«ርጭቱ ቤት ውስጥ ያሉትን ንቦቼን ይፈጅብኛል። ባለቤቴ ትቶልኝ የሄደው እነሱን ነው።»

«ለዚያ ብዬ እኮ የግብርናውን ባለሙያ አማከርኩት። ከርጭቱ በፊት፣ ሲመሽ፣ ቀፎውን ተጋግዘን እናወጣዋለን። ቄሱም ቀፎው በቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ ይሰንብት ብለዋል።»

«አንቺም ልትሸከሚ? ንብ አትፈሪም?»

«ኧረ በጣም ነው የምፈራው!»

«እንግዲያው እኔ ከጎንሽ እሆናለሁ፣ ሆዴ። የኔን ጠረን ያውቁታል።»

መውረጃዬ ላይ ስንደርስ ወጋቸውን ላለማቋረጥ ብዬ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩ።