የተዋሱት ጠብ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም.፣ በመጋቢት ወር አንድ ምሽት፣ አቶ ተማም ከፓርኪንግ ሥራቸው ወደ ስካርቦሮ ሲመለሱ በቶሮንቶ የምድር ባቡር ውስጥ ከጎረቤታቸው ልጅ ከሀሊማ ጋር ድንገት ተገናኙ። ሀሊማ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ ታጠና ነበርና ወፍራም መጽሐፍ ከጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ባቡሩ ፔፕ ጣቢያ ደረሰ፤ አቶ ተማምም ጋዜጣቸውን ብድግ አድርገው ፊታቸውን ጋረዱ።

«ጋሼ፣ ከማን ነው የሚደበቁት?»

«ከተሻገር። ቤቱ እዚህ ጣቢያ አጠገብ ነው። እናቱ አገር ቤት ዐርፈው ለቅሶ ተቀምጧል።»

«ታዲያ ለምን አልደረሱትም?»

«ከሰይፉ ጋር ተጣልቷላ! ሰይፉ ደግሞ እዚህ አገር ስገባ ቤቱን ከፍቶ አንድ ክረምት ሙሉ ያጎረሰኝ ሰው ነው። የወዳጄ ጠላት ለእኔ ምኔ ነው?»

ይህን ሲሉ ግን ድምፃቸው እንደ ልማዱ አልጸናም። የተሻገርን እናት በፎቶግራፍ ብቻ ቢያውቋቸውም፣ እኒያ እናት የላኩትን በሶ ከልጃቸው ጋር በጥብጠው ጠጥተዋልና።

ሀሊማ መጽሐፏን አመለከተች። «አሜሪካም እንደ እርስዎ ተጨንቃ ነበር። ከእንግሊዝ ነፃ ለመውጣት ስትዋጋ ፈረንሳይ ደረሰችላት፤ ቃል ኪዳንም ተጋቡ። ኋላ፣ በ1793፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ ጦር ሲማዘዙ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ‹ከማንም ወግነን አንዋጋም› ብሎ ዐወጀ።»

«ውለታ ቢስ!»

«ያን ጊዜም እንዲሁ ያሉት ብዙ ነበሩ። ግን ፈረንሳይን አልካዳትም፤ መልእክተኛዋን ተቀብሏል። አገሪቱ ገና ለጋ ነበረች፣ ጋሼ። የሰው ጦርነት ብትዋስ ትሰበር ነበር።»

«ፈረንሳይስ አልተቀየመችም?»

ሀሊማ እውነቱን ልትሸሽግ አልወደደችም። «በጣም ተቀየመች። ቆይቶም በባሕር ላይ እስከ መታኮስ ደረሱ። በ1800 ግን ታረቁ።»

«አየሽ! እኔም ሰይፉን ላጣው ነው።»

«ኦኬ፣ ይቀየምዎት ይሆናል። ግን እርስዎም በሩን ከዘጉ፣ ነገ ሁለቱ ሊታረቁ ቢፈልጉ አስታራቂው በየት በኩል ይገባል? እዚህ አገር ስንት ነንና ነው?»

አቶ ተማም ጋዜጣቸውን አጣጥፈው ከብብታቸው ሥር አደረጉ። በተወለዱበት አገር ሽማግሌ የሚባለው ከሁለቱም ወገን ሰላምታው ያልተቋረጠ ሰው ነበር። እሳቸው ግን ያን ሁሉ ሽበት ይዘው የሰው ጠብ ዘበኛ ሆነዋል።

«ፊደል ቆጥረሽ እኛን ልትሸመግዪ መጣሽ፣ አንቺ ልጅ!» አሉና ፈገግ ብለው በሚቀጥለው ጣቢያ ወረዱ።

ከጣቢያው ስልክ ደወሉ። «ሰይፉ ወንድሜ፣ ከሌላ ከምትሰማ ከእኔው ስማ። ተሻገር ዘንድ ለቅሶ ልደርስ ነው። ወዳጅነትህን አልተውኩም፤ ጠብህን ግን መልሼልሃለሁ።»

አንድ ባቡር መጥቶ ሄደ። በመጨረሻ ሰይፉ፣ «ካፖርት ደርበሃል?» አለ። «ነፋሱ ክፉ ነው።»

«ደርቤአለሁ።»

«እንግዲያው ሂድ።»

ጠብን የማይዋዋስ ማኅበር፣ አባሎቹ ቢጣሉ እንኳ ሐዘንተኛው አጽናኝ፣ የተጣላውም መታረቂያ በር አያጣም። አቶ ተማም ይህን እያሰላሰሉ ወደ ፔፕ ተመለሱና የተሻገርን በር አንኳኩ።

ተሻገር ከፍቶ ሲያያቸው ደነገጠ። «ከሰይፉ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?»

«የለም፤ ወዳጆች ነን። አላህ ያጽናህ፣ ተሻገር።»

ተሻገር እጃቸውን ይዞ ሳይለቅ ወደ ውስጥ መራቸው። «እናቴ ስለ በሶው ሁልጊዜ ትጠይቀኝ ነበር» አለ። «‹ያ ሰውዬ ወደደው?› እያለች።»