«ወገብ ነው» የተባለው በሽታ

ፀጉር ቆራጩ ጓሮ ካለው ሽንት ቤት ሲመለስ ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰዎች ጠበቁት። አንደኛው ግራ ጉንጩ ተላጭቶ ቀኝ ጉንጩ ላይ አረፋው እየደረቀ ያለው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ነው። ሁለተኛው ዝናብ ያስገባው የሟች ወንድሙ ልጅ፣ የጤና መኮንኑ ነበር። ዘመድን የሚያሰባስበው ሐዘንና ሠርግ ብቻ አይደለም፤ ዝናብም አንዳንዴ ውለታ ይሠራል።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?»

«ደህና ነኝ፣ ዶክተር።» ዶክተር እንዳልሆነ ያውቃል፤ ግን ቤተሰብ ውስጥ ማዕረግ በነፃ ነው።

«ምን ደህና ነው!» አለ ልብስ ሰፊው መስታወቱ ውስጥ እያየ። «አንድ ጉንጭ ለመላጨት ሁለት ጊዜ ጓሮ ወጣ። ፀጉሬንም ልስተካከል ብል ኖሮ እዚሁ አድር ነበር።»

ፀጉር ቆራጩ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የራሱም መላ ነበረው። ጠዋት ውኃ አይጠጣም፣ ደንበኛውን ለሁለት ከፍሎ ይላጫል። «እርጅና ነው» አለና ምላጩን አነሳ።

«ሊሆን ይችላል» አለ የጤና መኮንኑ። «ፕሮስቴት የሚባለው የወንድ ዕጢ በዕድሜ ሲያብጥ ሽንት ያስቸግራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። እኔን ያስፈራኝ ሽንትዎ ሳይሆን የአባቴ ነገር ነው።»

ምላጩ አየር ላይ ቆመ። «አባትህ በወገብ ነው የሞተው።»

«ጋሼ፣ የሆስፒታሉን ወረቀት እናቴ ሣጥን ውስጥ አግኝቼ አንብቤዋለሁ። የፕሮስቴት ካንሰር ነው። የተገኘው አጥንቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፤ ወገቡንም ያሳመመው እሱ ነው።»

ይህን ፀጉር ቆራጩ ያውቃል። ከሐኪሙ አፍ የሰማው፣ ለቤተሰቡም «ወገብ ነው» ብሎ ያወራው እሱ ነበር። ወንድሙን ከሐሜት ያዳነው መስሎት ነበር። እውነትም ማንም አላማውም፤ ሁሉም አለቀሰለት እንጂ።

«እና ምን አድርግ ነው የምትለኝ?»

«ወንድሙ በዚህ በሽታ የታመመ ሰው ከሌላው ይልቅ ለአደጋው ቅርብ ነው። በሽታው ደግሞ ሲጀምር አያምም። ከሐኪም ጋር ይምከሩና ለምርመራ ደም ይስጡ፤ ፒ ኤስ ኤ የሚባል ከዕጢው የሚወጣ ነገር ይለካበታል። ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም› ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ስለ ጉንፋን ነው የነገርኩህ! ደግሞስ ደም ብቻ ነው? ጣት የሚባል ነገር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ልብስ ሰፊው ድንገት ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ሐኪሙ ካስፈለገው አለ። ዕጢውን በኋላ በኩል በጣት ይዳስሳል፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም።»

«በዚህ ዕድሜዬ!»

«እርስዎ የስንቱን ሰው ጉሮሮ ሲዳስሱ ኖረዋል፤ ማን አፈረ?»

ፀጉር ቆራጩ በሌላ በኩል መጣ። «እሺ፣ የደሙ ውጤት ከፍ ቢልስ? ወዲያው ሊቀድዱኝ አይደል?»

«ከፍ አለ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ዕጢው ሲያብጥም ሲቆጣም ከፍ ይላል። ይደገማል፣ ምስል ይነሳል፣ ካስፈለገ ናሙና ይወሰዳል። ካንሰርም ቢሆን ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት አለ፤ እሱን ሳይነኩ በየጊዜው እየመረመሩ ይጠብቁታል። ጠንከር ያለው ደግሞ ከዕጢው ሳይወጣ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ሊድን ይችላል።»

«ወንድነትስ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። ክፍሉ ሦስት ሰው ብቻ የሚይዝ ስለሆነ ዝቅታው ለማንም አልጠቀመም።

«አልዋሽዎትም። ሽንት መቋጠር ሊያስቸግር፣ ወንድነትም ሊዳከም ይችላል፤ ለሁለቱም እርዳታ አለ። ከመወሰንዎ በፊት ሐኪሙን ሳያፍሩ ይጠይቁ። አባቴ ግን የሚመርጠው አልነበረውም። እኔም ወረቀቱን ባላገኝ ኖሮ ቀድሜ መመርመር እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ልጆችዎም እስከ ዛሬ አያውቁም።»

ፀጉር ቆራጩ ለራሱ ብዙ መልስ ነበረው፤ ለልጆቹ ግን አንድም አልነበረውም። ምላጩን ጠረገና «ሰኞ ገበያ የለም። ሰኞ እንሄዳለን» አለ።

ሄዱ። የደሙ ውጤት ከፍ አለ፤ ተደገመ፤ ናሙና ተወሰደ። ካንሰር ነበር፤ ቀስ ከሚለውም ወገን አልነበረም፤ ግን ገና ከዕጢው አልወጣም። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ተወገደለት። ለጥቂት ወራት ሽንት እየቀደመው ተቸገረ፤ ሐኪሙ ያሳየውን እንቅስቃሴ እየሠራ ተሻለው። ስለ ሌላው ጉዳይ ከሚስቱና ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሯል፤ እኛን አይመለከተንም።

«አለቀ፤ ክትትል ምን ያደርጋል?» ብሎም ነበር። የወንድሙ ልጅ «የተላጨ ጢም አይመለስም እንዴ?» ሲለው ግን ወዲያው ገባው። እንጀራው ነውና ይህን የሚያስረዳው አላስፈለገውም። በየሦስት ወሩ ደሙን ይመረመራል፤ ቢመለስ ሳይስፋፋ ይደረስበታል። ልጆቹም ሐኪም «በቤተሰብ አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቃቸው እውነተኛ መልስ አላቸው።

በቀጠሮው ቀን በሱቁ በር ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፈ፦ «ለፕሮስቴት ካንሰር ክትትል ሆስፒታል ነኝ። ከሰዓት በኋላ እከፍታለሁ።»

ልብስ ሰፊው ከጎን ባለው ሱቁ ደጃፍ እየሰፋ አንብቦ ደነገጠ። «ኧረ በእናትህ! ‹ለጉዳይ ሄጃለሁ› አይበቃም?»

«አንድ ሰው በውሸት የበሽታ ስም ቀብሬያለሁ፤ ይበቃኛል። አንተ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃምሳ ስምንት። ምን አገባህ?»

«እኔንማ ምን አገባኝ» አለና በሩን ቆልፎ መንገድ ጀመረ።

አሥር እርምጃ ሳይሄድ ከኋላው የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ቆይ እንጂ፤ ጃኬቴን ልልበስ!»