የተባረረችው ሴትና የተዋጠው ሳል

ዝናብ አባሮኝ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጥልቅ ስል መስኮቶቹ ተከርችመው፣ የካውያው እንፋሎት ቤቱን አፍኖት አገኘሁ። ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ነፋስ ይመታናል ብለው በሙቀትም ቀን መስኮት አያስከፍቱም። አማቻቸው ሱሪ ይተኩሳል። የእሱ ሕፃን ልጅ፣ የልጅ ልጃቸው፣ ከጨርቁ ክምር ጎን ተኝታለች። የእህታቸው ልጅ፣ ነርሷ፣ እንደቆመች ትሟገታቸዋለች።

“ጋሼ፣ ቁልፍ የምትተክልልዎትን ሴት ከወር በፊት አባረሩ አሉ። እውነት ነው?”

“እውነት ነው! ጣቶቿን አላየሽም? ሥጋ ደዌ እኮ ነው። ለዚህች ሕፃን አላስብ?”

“መድኃኒቷን ከጨረሰች ቆየች። ጣቷ ላይ የቀረው ጠባሳው ነው፤ ወደ ማንም አይተላለፍም።”

“ዓይኔ ያየውን ልካድልሽ?”

ሰው መቼም ዓይኑን የሚያስደነግጠውን ይፈራል፤ ለማይታየው ግን ምንጣፍ ያነጥፍለታል። ይህን ሳስብ አማችየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ሳለ። ሳሉን አፍኖ ሊያስቀረው ቢሞክርም አልሆነለትም።

“ይኼ ሳል ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?” አለች ነርሷ።

“ብርድ ነው ባክሽ፤ ወር ቢያልፈው ነው” አሉ ሽማግሌው።

“ጋሼ፣ እባክዎ በሽታን በመልኩ አይመዝኑት። በምን ይተላለፋል? ስንቱን ይይዛል? ምን ያድነዋል? ብለው ይጠይቁ። ሥጋ ደዌ ሰው ላይ የሚጋባው በጭንቅ ነው፤ መድኃኒት ከተጀመረማ ያቆማል። ኩፍኝ እንደ ሰደድ እሳት ነው፤ ግን ክትባት ይገታዋል። ሳንባ ነቀርሳ ደግሞ በትንፋሽ ይመጣል፤ እንዲህ በታፈነ ቤት አንዱ የሳለውን ሌላው ይስበዋል። ያውም ሕፃን ላይ ይጠናል።”

ሽማግሌው ሕፃኗን አዩና ከወንበራቸው ተፈናጥረው ተነሡ።

“እንግዲያው ይሄም ይውጣልኛ! አሁኑኑ!”

አማችየው ካውያውን አስቀመጠ። “አባባ፣ ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል። ልነግርዎ ነበር። እሷን ከነመቀሷ ደጅ ሲያወጧት ሳይ ግን ፈራሁ። ሳሌን ዋጥኩት።”

 ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡ።

“እኔው ነኛ ያስደበቅሁት” አሉ ቀስ ብለው።

“ማባረር በሽታን አያስወጣም፤ ያሸሽገዋል” አለች ነርሷ፣ መስኮቱን እየከፈተች። “ነገ አክታው ይመርመር። ሕፃኗም ትታይ።”

ከቀናት በኋላ ወሬ ልጠይቅ ብመለስ፣ ነርሷ የፈራችው አልቀረም፤ አማችየው ሳንባ ነቀርሳ ተገኘበት፣ መድኃኒትም ጀመረ። ሳያቋርጥ ከወሰደ በስድስት ወር እንደሚድን ነገሩት። ሕፃኗ ገና አልታመመችም፤ የመከላከያ ኪኒን ታዘዘላት። እነሆ፣ በጊዜ የተነገረ ሕመም አባትንም ልጅንም አተረፈ፤ አየር የሚዘዋወርበት ቤትም ለሠራተኛውም ለደንበኛውም ጤና ሆነ።

ሽማግሌው “ምስክር ሁነኝ” ብለው ወደ ሴትዮዋ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ደጃፏ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

“ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ወደ ሥራሽ ተመለሺልኝ።”

እሷ ግን ስለ ሥራው አላነሣችም።

“ሳል አለ ሲሉ ሰማሁ፤ ሕፃኗ ደህና ናት?” አለቻቸው።

ሽማግሌው ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱ፤ እንባ ቀደማቸው።